አልማዝ ባለጭራ ወይስ ምች?

ሁለቱም ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች ሆነው ስለሚወጡ ይምታታሉ። ቫይረሶቹም ዘመዳሞች ናቸው፤ ነርቭ ውስጥ ተደብቀው ይቆያሉ። አጣዳፊነታቸው ግን እኩል አይደለም።

የከንፈር ምች መነሻው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የተባለ ቫይረስ ነው። መጀመሪያ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይቋጥራል፤ ትኩሳት፣ ፀሐይ ወይም ድካም ሲበረታ እዚያው ቦታ ይመላለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ በራሱ ይድናል። ቁስሉ እስኪድን ግን አራስ ልጅ አይሳም፤ ለጨቅላ ሕፃን ገዳይ ሊሆን ይችላል።

አልማዝ ባለጭራን የሚቀሰቅሰው በልጅነት ጉድፍ ያስያዘው ቫይረስ ነው እንጂ ሸረሪት ወይም ሌላ ነፍሳት አይደለም። ሕመሙ ከሽፍታው ጥቂት ቀን ይቀድማል፤ ደረት ላይ ሲሆን የልብ ሕመም ሊመስል ይችላል። ከዚያ በአንድ ጎን ብቻ፣ ከጀርባ ወደ ፊት እንደ መቀነት ይዞራል። ዋናው መለያው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሰዓት ይቆጠራል። አሳይክሎቪር የተባለው የፀረ-ቫይረስ መድኃኒት 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን ይታዘዛል፤ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። የኩላሊት ሕመም ካለ መጠኑ ይቀነሳል። ቅጠል ጨቅጭቆ ቁስሉ ላይ መለጠፍ ባክቴሪያ ያስገባል፣ ውድ ቀናትንም ያባክናል። በተለይ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ቆዳው ድኖ የነርቭ ሕመሙ ለወራት ሊቀር ይችላል።

ግንባር ወይም የአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን አደጋ ላይ ነውና በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ይታይ። በወጣት ላይ ሲወጣ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።