ተቅማጥ ማቆሚያ ያልሸጠችልኝ ፋርማሲስት

ይህን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ግማሹ ምክንያት የወር መዝጊያ ሥራ ነው፣ ግማሹ እፍረት። 47 ዓመት ሞልቶኝ፣ የሰው ሒሳብ እየመረመርኩ የምኖር ሴትዮ፣ በ1,800 ብር ተቅማጥ ገዝቼ ጠጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 55 ቀን ጾሜ ፋሲካን እንደ ማንም ሰው ፈታሁ። ዶሮው፣ ክትፎው፣ እህቴ ቤት ቁርጡ፣ ለዳግም ትንሣኤ ደግሞ ጎረቤት። ቀሚሴ አልዘጋ አለ፣ ሆዴ ከበሮ ሆነ። ስልኬ የልቤን የሰማ ይመስል በቴሌግራም የሚሸጥ የሦስት ቀን «ሰውነት ማጽጃ» ሻይ ፊቴ ላይ ደቀነ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬም ጠጥታው ፊቷ በርቷል ተባለ። ሞተረኛ ቢሮ ድረስ አመጣልኝ፤ አረንጓዴ ካርቶን፣ ቅጠል የተሳለበት፣ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚል።

የመጀመሪያውን ከረጢት ማታ 3 ሰዓት ላይ ጠጣሁ። ጣዕሙ ክፉ አይደለም፣ ድርቆሽ ላይ ዝንጅብል የጨመሩበት ነው የሚመስለው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሆዴን ጨምድዶ ቀሰቀሰኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልተርክም። ጠዋት ሚዛን ላይ ብወጣ ሁለት ኪሎ ቀንሻለሁ፤ ያን ሁሉ ሆኜ ደስ አለኝ! ማታ ሁለተኛውን ደገምኩ።

በማግስቱ ሜክሲኮ በምሄድበት ታክሲ ውስጥ ላብ አጠመቀኝ። መካኒሳ ላይ «ወራጅ አለ» ብዬ ወርጄ አንድ ካፌ ሮጬ ገባሁ፤ ማኪያቶ እንኳ ሳላዝዝ ስለወጣሁ ልጆቹን ይቅርታ እላለሁ። ለሻጩ ጻፍኩለት። «በጣም ጥሩ ነው እህት፣ መርዙ እየወጣ ነው፣ ጽኚ» አለኝ። ባቴ እየተኮማተረ ያመኛል ብዬ ብጨምርለት «እሱም መርዙ ነው» አለ። ራሴን ስቼ ወደቅሁ ብለው ኖሮ ምን ይለኝ እንደነበር እንጃ።

ማታ እንደምንም ሠፈሬ ደርሼ፣ ከዳቦ ቤቱና ከሞባይል ጥገናው መሐል የተሸጎጠችው ትንሽ ፋርማሲ ጎራ አልኩ። ከፊቴ ሦስት ሰው አለ። ፋርማሲስቷ ልጅ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ አየችና የራሷን መቀመጫ ከውስጥ አውጥታ አስቀመጠችኝ።

«ተቅማጥ ማቆሚያ ስጪኝ» አልኳት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እናቴ?» (እናቴ ማለቷ ትንሽ ቆጥቁጦኛል፣ ቢበዛ በ15 ዓመት ነው የምበልጣት።) ደም አለው ወይ፣ ትኩሳትስ፣ ውጭ በልተዋል ወይ፣ ሁሉንም ጠየቀች። አይ፣ አይ፣ አይ። «ምን ጠጡ?» ስትል ዝም አልኩ። ከዚያ ካርቶኑን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

የፊቱን ሥዕል አላየችውም። ገልብጣ ከሥር ያለውን ደቃቃ ጽሑፍ በስልኳ ካሜራ አጉልታ አነበበች። «ካሲያ አንጉስቲፎሊያ። ይኸው፣ ሴና ነው» አለችና ከኋላዋ መደርደሪያ አንድ ፓኬት አንስታ አሳየችኝ። ለሆድ ድርቀት የሚሸጥ ክኒን፣ መሥሪያው ያው ቅጠል። ከተወሰደ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ውስጥ አንጀትን ቀስቅሶ ያስወጣል አለችኝ። ማታ 3፣ ሌሊት 10። ሒሳቡ ልክ መጣ።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» የግፊት ክኒኔን ነገርኳት፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። እዚህ ላይ ፊቷ ተለወጠ። ክኒኑ ውሃና ፖታሺየም የሚባለውን የሰውነት ጨው በሽንት ያስወጣል፣ ሻዩ ደግሞ በአንጀት። «በሁለት በር እየወጣ ነው እናቴ። ባትዎን የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል። ፖታሺየም በጣም ከወረደ ልብንም ይነካል።»

«ታዲያ መርዙስ?» አልኩ። ስጽፈው ራሱ ያሳፍረኛል።

«የትኛው መርዝ?»

ሳትስቅ ነው የጠየቀችኝ፣ መልሴን እየጠበቀች። አሰብኩ፣ የለኝም። ደም የሚያጣራው ኩላሊት ነው፣ በቀን ወደ 180 ሊትር፣ ጉበትም የራሱን ሥራ ይሠራል፤ አንጀት ባዶ ስለሆነ ሥራቸው አይቀልላቸውም አለችኝ።

የሰላሌዋ አያቴ ትዝ አለችኝ። ኮሶ የምትጠጣ ቀን ቤቱ በሙሉ ያውቃል። የደረቀውን ቀይ አበባ ወቅጣ በውሃ በጥብጣ፣ በባዶ ሆዷ፣ ዓይኗን ጨፍና በአንድ ትንፋሽ ትጨልጠዋለች። የዚያን ቀን ሥራ የለም፣ ሰውም አያናግራትም። ግን ምን ልታስወጣ እንደጠጣች ታውቃለች፦ ኮሶ ታይቷታል፣ ትሉን ነው። በኋላም ጓሮ ሄዳ በእንጨት ገለጥ አድርጋ፣ የትሉ ጭንቅላት መውጣቱን ሳታይ አትመለስም። እኔ ዲግሪ ይዤ ስሙን የማላውቀውን ነገር ላስወጣ 1,800 ብር ከፈልኩ።

ይህን ስነግራት ሳቀች፣ ወዲያው ግን ጣቷን ቀሰረችብኝ፦ «ደግሞ ነገ ኮሶ ፍለጋ እንዳይሄዱ!» የቤቱ ኮሶ ልክ የለውም፣ ከበዛ ዓይን ሳይቀር ይጎዳል። ጥሬ ሥጋ ስለሚወዱ ሰገራ ይመርመሩ፣ ትሉ ከተገኘ ሐኪም የሚያዝዘው በአንድ ጊዜ መጠን የሚያልቅ ክኒን አለ አለችኝ።

ማቆሚያውን አልሸጠችልኝም። የሸጠችልኝ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ፣ በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ብቻ ነው፤ አንዱን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጬ ቀስ እያልኩ እንድጠጣ። ቫይታሚን ብትል እገዛ ነበር፣ ግሉኮስ ብትልም እገዛ ነበር። በወረቀት ቁራጭ ላይ ጻፈችልኝ፦ ሻዩ ይቁም፤ ጠዋት ኤሌክትሮላይት (ፖታሺየምን የመሳሰሉ የደም ጨዎች) መመርመር፤ ስለ ግፊት ክኒኑ በራስ አለመወሰን፣ ሐኪም መጠየቅ፤ ሌሊት ልብ በኃይል ከመታ ወይም ራስ ከዞረ ሳያድሩ ድንገተኛ መሄድ። በማግስቱ 4 ሰዓት ላይ ደወለች፦ «ተመረመሩ?»

ፖታሺየሜ 3.2 ሆኖ ተገኘ፤ ከ3.5 ማነስ የለበትም። ሐኪሙ አስተካከለልኝ፣ ከአሥር ቀን በኋላ 4.1 ገባ። ሰገራው ንጹሕ ነው። ሁለቱ ኪሎ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ፣ ለካ ውሃ ነበሩ።

እንከን አትተዪ ካላችሁኝ፣ ወረፋዋ ያሰለቻል። ሁሉንም ሰው እንደኔ ነው የምትጠይቀው፣ አንድ ፓናዶል ለመግዛት ሩብ ሰዓት ልትቆሙ ትችላላችሁ። እሁድም ዝግ ናት። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ጀሞ አካባቢ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ቦታውን እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጠየቋ አይቀርም።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መቀመጫሽን ስለለቀቅሽልኝም ጭምር።