ብራንድ የለሹ የአሉሚኒየም ካች ካን፦ እንደመጣ ከተገጠመ ጌጥ ነው

ካች ካን ከሞተር የሚወጣውን የዘይት ጉም የሚያጠምድ ጣሳ ነው። ግማሽ ሊትር የሚይዘው ይህኛው ቱርቦ (አየር ወደ ሞተር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ለተጨመረበት 1.6 ሊትር የቶዮታ ሞተር መጠኑ ይበቃል። ብየዳው ንጹሕ ነው፣ ማሰሪያውም ጠንካራ። ችግሩ ክዳኑ ሲፈታ ይታያል፦ መግቢያና መውጫው ጎን ለጎን ናቸው፣ ውስጡ ባዶ። የዘይቱ ጉም በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ጣሳው ደረቅ ሆኖ ቱርቦው ዘይት ይጠጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መግቢያው ላይ ከጣሳው ወለል 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚያበቃ ቱቦ ይበየድ። ከሱ በላይ የማይዝግ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ሳይጠቀጠቅ ገብቶ፣ ከላይና ከታች በተበሳሳ ላሜራ ይያዝ። የሚዝገው ዓይነት ተሰባብሮ ወደ ሞተር ይገባል።

አብሮት የሚመጣው ባለ 10 ሚሊ ቱቦ ይጣል። ቱርቦ ሲገፋ በፋሻ (በፒስተን ቀለበቶች) አልፎ ወደ ኮፓ (ወደ ሞተሩ የታችኛው የዘይት ቋት) የሚወርደው ጋዝ ብዙ ስለሆነ ውስጡ ከ16 እስከ 19 ሚሊ የሆነ፣ ዘይት የሚችል ጎማ ያስፈልጋል። የራዲያተር ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል።

ብዙ ጋራዥ ጣሳውን ከማኒፎልድ (አየር ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቱቦ) በሚመጣው መስመር ላይ ብቻ ያስገባል። ቱርቦ ሲገፋ ግን የፒሲቪው ቫልቭ (የሞተሩን የውስጥ ጋዝ ወደ ማኒፎልድ የሚያሳልፈው) ይዘጋና ጋዙ ከቱርቦ በፊት ባለው መስመር ይወጣል፤ ጣሳው የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ቫልቩ ፈትቶ በአፍ ይነፋ፦ ከሞተር በኩል ያሳልፋል፣ ከማኒፎልድ በኩል እምቢ ይላል። በሁለቱም ካሳለፈ የቱርቦው ግፊት ኮፓ ውስጥ ገብቶ ሊቬሎውን (የዘይት መለኪያውን ዘንግ) ያስፈነጥራል፣ የኋላውን ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ያስለቅሳል።

ወደ ጊቤ በረሃ ሲወረድ የነዳጅ ፔዳሉ ተለቆ በትንሽ ማርሽ ስለሚኬድ የማኒፎልዱ ስበት (ቫኪዩም) ከምንጊዜውም በላይ ይሆናል። ዳገቱ ላይ ሰማያዊ ጭስ ብቅ ካለ በማኒፎልዱም መስመር ሁለተኛ ጣሳ ይግባ። የስበት ጌጅ ስታነቡ ደግሞ ጅማ ከባሕር ጠለል 1,780 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን አትርሱ፦ የጥገና መጽሐፍ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ሲል እዚህ 13 እስከ 15 ጤነኛ ነው። ስንቱ ደህና ቫልቭ በዚህ ሰበብ ተጥሏል!

ሲጨረስ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያው ላይ ስስ ፌስታል ይደረግ። በቀስታ መሳብ አለበት። ከተነፋ ወይ ቱቦው ጠቧል ወይ ፋሻው አልቋል፤ ሁለተኛውን የትኛውም ጣሳ አይፈውሰውም፣ ኮምፕሬሽን ይለካ።

መጀመሪያ በ500 ኪሎ ሜትር፣ በክረምት ከዚያም ቶሎ ይራገፍ። አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ወተት የመሰለ ዝቃጭ ቢወጣ የተጠራቀመ እርጥበት ነው፤ የራዲያተር ውሃ እስካልጎደለ ድረስ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ራስ) አታስፈቱ። የወጣው ወደ ሞተር አይመለስም፣ አዌቱ ወንዝ ውስጥም አይደፋም። ጎኑ ላይ ያለው የፕላስቲክ ማሳያ ቱቦ በሙቀት ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ከመጀመሪያው ቀን በቡሎን ይደፈን።