ለአባቴ ማደንዘዣ የሰጠችውን ሐኪም ሳላመሰግን አላልፍም

አባቴ የእጁ አንጓ ተሰብሮ ኦፕሬሽን ታዘዘለት። ሳንባው ደካማ ስለሆነ ሙሉ ሰመመን አስፈርቶን ነበር። የሰመመን ሐኪሟ መረመረችውና «በአልትራሳውንድ እያየሁ ክንድዎን ብቻ አደነዝዘዋለሁ» አለችው። አባቴ ሆዬ «እርጉዝ ነኝ እንዴ?»

አጠገቡ እንድሆን ፈቀደችልኝ። መሣሪያውን ብብቱ ላይ ስታሳርፍ ስክሪኑ ላይ አንድ ጥቁር ክብ ይመታል። ደም ስሩ ነው። ሦስት ነርቮች ከበውታል፤ ውስጣቸው የማር እንጀራ ይመስላል። አራተኛው ግን ራቅ ብሎ ጡንቻ ውስጥ ተሸጉጧል፤ እሱን ለብቻው ፈልጋ ያዘችው። መድኃኒቱ ነርቩን ዙሪያውን እየከበበ ሲጠቁር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ጊዜ የመርፌው ጫፍ ከስክሪኑ ጠፋ። እጇ ቀጥ አለ። «ጫፉን ሳላይ አልገፋም» አለችኝ። ትንሽ ሰጥታ ታቆምና «አባባ፣ ጆሮዎ ላይ ይጮኻል? አፍዎን ብረት ብረት ይልዎታል?» ትለዋለች። መድኃኒቱ ደም ስር ውስጥ ከገባ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚመጡት እነዚህ ናቸው።

ለምን በአንገት በኩል እንዳልሰጠችው ጠየቅኳት። እዚያ ሲሰጥ ለትንፋሽ ዋናውን ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አብሮ ሊደነዝዝ ይችላል። አባቴን ለመሰለ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። እኔ ከማሽኑ ይልቅ ያደነቅኩት ይህን ማሰቧን ነው።

ድሮ ነርቩ የሚፈለገው በዳበሳ ነበር፤ በሽተኛው «ነዘረኝ» ካለ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ ጡንቻን በኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ መጣ። የቪየና ሐኪሞች የክንድን ነርቮች በአልትራሳውንድ እያዩ ስለማደንዘዝ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ነርቩን እያዩ መስጠት የሚያስፈልገውን የመድኃኒት መጠንም ይቀንሳል። ማሽን ስላለ ብቻ ግን አትመኑ፤ የያዘው እጅ ይወስናል።

አባቴ ኦፕሬሽኑን ከነርሷ ጋር እያወራ ጨረሰው። ክንዱ እስከ ማግስቱ ጠዋት የሱ አልነበረም። በጨርቅ አንጠልጥላ ላከችው፤ ትኩስ ነገር እንዳያስነኩት አደራ አለች። ማስታገሻውንም ድንዛዜው ሳይለቅ ጀምሩለት ያለችው በጣም ጠቀመን፤ ሲለቅ ሕመሙ ድንገት ነው የሚመጣው።

የእጅ ወይም የእግር ኦፕሬሽን ያለባችሁ፣ ይህ አማራጭ እንዳለ ጠይቁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ስሟን በይፋ እንዳላወጣ ጠይቃኛለች፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።