የውሃ ደረጃ መለኪያዬ መረሬ ላይ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ከሰኔ ጀምሮ እነዋሪ አካባቢ ይዤው የምዞረው ባለ 30 ሜትር የውሃ ደረጃ መለኪያ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ ለማወቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ በተከተተ ቱቦ ሜትሩን ታወርደዋለህ። ጫፉ ውሃ ሲነካ ይጮኻል፤ ቁጥሩን ከቱቦው አፍ ላይ ታነባለህ። በቃ።

ዕቃውን ብዙም አላማውም። ባትሪ የቀየርኩት አንዴ ነው። ጫፉ ላይ ጭቃ ከተጣበቀ ግን ከውሃ ወጥቶም ይጮኻል። በቱቦው ግድግዳ ላይ ያለ ጤዛም ያታልለዋል። ስለዚህ ጨርቅ ከኪሴ አይጠፋም፤ ሁለቴ ሳልለካም ቁጥር አልጽፍም።

ያስቸገረኝ መረሬው፣ ያ ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ነው። ነሐሴ ላይ ለአንድ ቤት መሠረት 4 ሜትር ቆፍረን 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ከተትን። በማግስቱ ለካሁ፤ ጠብታ የለም። ግንበኛውን «ጋሼ፣ ደረቅ ነው» አልኳቸው። በዘጠነኛው ቀን አስጠሩኝ። ውሃው 1.60 ሜትር ጥልቀት ላይ ቆሟል። «ደረቅ ነው ብለኸኝ አልነበር እንዴ?» ምን ልበል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ቱቦ ውስጥ ውሃው 1 ሜትር ከፍ እንዲል 2 ሊትር ገደማ መግባት አለበት። አሸዋ ይህን ቶሎ ይሰጥሃል። መረሬ ግን ራሱ ጠግቦ ለጎረቤት የማያካፍል ስስታም ነው፤ በጠብታ ነው የሚለቀው። በማግስቱ ያነበብኩት የቱቦውን ባዶነት እንጂ የአፈሩን ውሃ አልነበረም። አሁን የማስገባው ባለ 2.5 ሴንቲ ሜትሩን ነው፤ ለ1 ሜትር ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። ቁጥሩን በየቀኑ እጽፋለሁ። ከፍ ማለቱን እስኪያቆም ለማንም ትንፍሽ አልልም።

ሰኔ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ገጥሞኝ ነበር። በበጋ መረሬው እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በስንጥቁ ወርዶ አንዱን ቱቦ በአንድ ሌሊት ሊሞላው ደረሰ። የከርሰ ምድር ውሃ መስሎኝ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ለካ ከላይ የወረደ ጎርፍ ነው! ከዚያ ወዲህ የቱቦውን ዙሪያ ከላይ ቤንቶናይት በሚባል ሸክላ እደፍናለሁ፤ ውሃ ሲነካው አብጦ መንገዱን ይዘጋል። የጅሩ ገበሬ ማሳው ላይ ቦይ የሚያወጣው ለዚሁ ላይ ላዩን ለሚተኛ ውሃ ነው። እሱን አይቶ ከርሰ ምድሩ ቅርብ ነው ማለት አይቻልም።

የሜትሩ ቁጥሮች ከ1 እስከ 3 ባለው ላይ መደብዘዝ ጀምረዋል። ከ6 ሜትር በታች እስካሁን አላወረድኩትም። ለእኔ ሥራ ባለ 15 ሜትሩ ይበቃኝ ነበር።