የዳንግላው ደረቅ ጠጅ፦ ሃይድሮሜትር ይዞ ጠጅ ቤት የገባ ሰው ሪቪው

«አንተየ፣ ጠጄ ትኩሳት ያዘው ብለህ ነው?» አሉኝ የቤቱ ባለቤት፣ ሃይድሮሜትሬን ከቦርሳዬ ሳወጣ አይተው። ቴርሞሜትር መስሏቸው እኮ ነው። አጠገባቸው ቆሎ የሚቆረጥሙት ሽማግሌዎች ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዛ ሃይድሮሜትር ማለት ስኳር መለኪያ እንደሆነ፣ ፈሳሹ ውስጥ ስኳር ሲበዛ ከፍ ብሎ እንደሚንሳፈፍ፣ እርሾው ስኳሩን በልቶ ወደ አልኮል ሲቀይረው ደግሞ ቀስ እያለ እንደሚሰጥም አስረዳኋቸው። «እሱንማ እኔም በምላሴ አውቀዋለሁ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። እውነታቸውን ነው፣ ግን ለኔ ቁጥር ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያው ለማታውቁኝ፣ ኬሚስት ነኝ፣ ባህር ዳር ነው የምሰራው፣ ውሎዬ የውሃ ናሙና መመርመር ነው። ፍቅሬ ግን ወይን ነው። የጀመረኝ ተማሪ እያለሁ ነው፣ ጓደኞቼ ጉደርን ከኮካ ጋር ቀላቅለው ሲጠጡ እኔ ብቻዬን ሳልቀላቅል ጠጥቼ አፌ ድርቅ ሲልብኝ «ይሄ የሚያደርቀኝ ነገር ምንድነው» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ (ታኒን ነው፣ ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚመጣ፣ ምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ምላሳችንን የሚያሻክር)። ከዛ ወዲህ የቀመስኩትን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ጉደሩንም፣ ካስቴል ባቱ ላይ የሚያመርተውን ሪፍት ቫሊና አካሲያንም፣ አንዳንዴ ከውጭ ዘመድ የሚያመጣልኝንም። ባለቤቴ ደብተሩን «ንስሐ ደብተር» ነው የምትለው።

ችግሬ ቃል ነበር። አን ኖብል የምትባል የካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1984 የወይን ሽታዎችን በክብ ስዕል አድርጋ ስም በስም ከፋፍላ አውጥታለች፣ ትልቅ ስራ ነው፣ «ጥሩ ነው፣ ግሩም ነው» ከማለት ሰዎችን አውጥታ ወደ ሚጨበጥ ነገር አምጥታለች። ግን እዛ ላይ የተጻፉትን ግማሾቹን ፍራፍሬዎች በህይወቴ አይቻቸው አላውቅም። ብላክቤሪ ብላክቤሪ ይላሉ፣ ስንት አመት ቆይቼ ነው የኛው የአጥር እንጆሪ ዘመድ መሆኑ የገባኝ! ከዛ በኋላ የራሴን ክብ ሰራሁ፦ ዶቅማ፣ አጋም፣ ኮሽም፣ ሾላ፣ የታጠነ ቅል፣ ዝናብ የነካው የጤፍ ክምር። ልጅ ሆኖ ዶቅማ በልቶ አፉ የጠቆረ የጎጃም ልጅ ለቀይ ወይን ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም፣ ያቺ ጣፍጣ ጣፍጣ መጨረሻ ላይ ምላስ የምትይዘው ነገር እኮ ያው ራሷ ናት።

ወደ ጠጅ የገፋኝ ደግሞ ንዴት ነው። አንድ ሱቅ (ስሙን ተዉት) ደህና ገንዘብ ከፍዬ የገዛሁት ቀይ ወይን ስከፍተው የተቀቀለ ዘቢብ ሆኖ ጠበቀኝ። ሄጄ ሳይ ጠርሙሶቹን ከመስታወቱ ጥግ ቀጥ አድርጎ አቁሟቸዋል፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ይመታቸዋል። ሙቀትና ብርሃን ወይን ይገድላል፣ ቆሞ የከረመ ጠርሙስ ደግሞ ቡሹ ደርቆ አየር ሊያስገባ ይችላል ይባላል። ስነግረው «ታዲያ ሰው እንዲያየው ነዋ» አለኝ። በቃ፣ ሩቅ አገር ተሰርቶ መንገድና መደርደሪያ ላይ ከሚቀቀል፣ እዚሁ የሚጣለውን ለምን በስርአት አልቀምስም አልኩ።

ግን ጠጅ ላይ ትልቅ ጥርጣሬ ነበረኝ፣ ቀለሙ። ቢጫ ስናይ ማር ነው ብለን ስለምናምን ቀለም ጠብ የሚያደርጉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የታወቀ የፈረንሳይ ሙከራ አለ፣ ቦርዶ ውስጥ 54 የወይን ሳይንስ ተማሪዎችን ሰብስበው ነጭ ወይንን ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም ቀይረው ሰጧቸው፣ ተማሪዎቹ ያንኑ ነጭ ወይን በቀይ ወይን ቃላት መግለጽ ጀመሩ። ሙያቸው እኮ ነው! እኔም ቤቴ አራት የስራ ባልደረቦቼን ጠርቼ አንዱን ጠጅ ለሁለት ከፍዬ ግማሹን በኬክ ቀለም ትንሽ ቢጫ አደረግኩት። ሁለቱ ቢጫውን «ይሄኛው ማሩ ያስታውቃል» አሉ፣ አንዱ ጭራሽ «ይሄ የአደይ ማር ነው» ብሎ አስተማረን። (እስካሁን ቂም ይዞብኛል።) ከዛ ቀን ጀምሮ አዲስ ጠጅ መጀመሪያ የምቀምሰው ቀለሙን በማያሳይ የቡና ሲኒ ነው።

እሺ ወደ ዳንግላው ቤት። ከባህር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመራዊ በዱርቤቴ አድርጎ፣ መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን በጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ቤቱ ታፔላ የለውም፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ ተራ የጭቃ ቤት ነው፣ ሰው ጠይቃችሁ ነው የምታገኙት፣ ሲገቡ የጌሾና የሰፈፍ ሽታ በሩ ላይ ይቀበላል። የሄድኩት ህዳር መጀመሪያ ላይ ነበር፣ ከመስቀል በኋላ የሚቆረጠው ማር ገበያ የወጣበት ሰሞን፣ የአደይና የመች ማር፣ ኑጉም እየተከተለ። በዚህ ወቅት ጎጃም ውስጥ መጥፎ ማር መግዛት ራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

ቁጭ እንዳልኩ የለመድኩትን ወጥመድ አስቀመጥኩ፣ «እማማ፣ ስኳር የለበትም አይደል?» አልኩ። ሁሉም ቤት «ኧረ በማርያም!» ነው የሚሉት። እሳቸው ግን ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ «የቱ? በግራ ያለው ስኳር አለበት፣ በቀኝ ያለው የለበትም፣ ዋጋውም እጥፍ ነው፣ ኪስህን አይተህ ጠጣ»። እንዲህ ያለ መልስ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ማር ተወዷል፣ የቀን ሰራተኛውም መጠጣት አለበት፣ ስለዚህ ሁለት ጋን ጣሉ፣ ሁለቱንም በስማቸው ጠሩ። በቃ ለኔ ይሄ ብቻ ግማሽ ነጥብ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ሙያዬን ላዋርድ። ሃይድሮሜትሬ ስኳሩን ከማሩ መለየት አይችልም። የሱቅ ስኳር ብርዙ ውስጥ ሲገባ እርሾው ራሱ ግሉኮስና ፍሩክቶስ አድርጎ ይሰነጥቀዋል፣ ማር ውስጥ ያሉትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፣ ከዛ በኋላ በመንሳፈፍና በመስጠም ማን ከየት እንደመጣ አይታወቅም። በትክክል የሚለየው የካርቦን ምርመራ ነው፣ ሸንኮራ አገዳ ካርቦንን ከአየር የሚይዝበት መንገድ ከአደይና ከኑግ የተለየ ስለሆነ የካርቦን 13 ድርሻው በትንሹ ከፍ ይላል፣ መሳሪያው ግን ውድ ነው፣ እኔ ጋ የለም። ስለዚህ የሴትዮዋን ቃልና ምላሴን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ምላሴ ያለኝን ልንገራችሁ፣ የስኳሩ አፍ ላይ ይጣፍጥና ጉሮሮ ላይ ይጠፋል፣ ባዶ ነው፣ የማሩ ግን ከዋጥከው በኋላ ነው የሚመጣው፣ በአፍንጫ በኩል ይመለሳል፣ አበባውም ሰሙም። በሲኒ አራት ጊዜ እየተቀያየረ ቀርቦልኝ አራቱንም ለየሁ፣ አራት ጊዜ ብዙ ማስረጃ አይደለም አውቃለሁ፣ አምስተኛውን እንዳልሞክር ግን ሽማግሌዎቹ ከለከሉኝ፣ ሰክሮ ይሳሳታል ብለው።

ሁለት ጊዜ ነው የሄድኩት። የመጀመሪያው ቀን እድለኛ ሆኜ አዲስ ሲጥሉ ደረስኩ፣ አንድ እጅ ማር ለአራት እጅ ውሃ፣ ብርዙን ስለካው 1.084 አለ (ንጹህ ውሃ 1.000 ነው፣ ስኳር በበዛ ቁጥር ቁጥሩ ከፍ ይላል)። ጌሾው እንጨቱ ነው እንጂ ቅጠሉ አይደለም፣ ቅጠሉን ለጠላ ነው የሚፈልጉት፣ ጋኑም በወይራ ታጥኖ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ያው ጋን 1.010 ላይ ወርዷል፣ ሲሰላ አልኮሉ ከ10 በመቶ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ማለትም ከቀላል ወይን ብዙም አያንስም። ሦስት ሳምንት ለምን ፈጀ ብላችሁ ከሆነ፣ ማር ውስጥ ለእርሾ ምግብ የሚሆን ናይትሮጅን እምብዛም የለም፣ ዳንግላ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል። ይሄ ብርድ ነው የጠቀማቸው በኔ ግምት፣ በሙቀት ተቻኩሎ የፈላ መጠጥ ሽታው ከአረፋው ጋር ይወጣል፣ ጠንከር ያሉት አልኮሎችም ይበዙበታል።

ደረቁ እንዲህ ነው፦ ሲቀርብ ትንሽ ደፍረስ ያለ፣ ፈዛዛ ቢጫ (ቀለም እንደሌለበት እዚህ ላይ ታውቃላችሁ፣ እንደ ፋንታ አያበራም)። ሽታው መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ የሎሚ ልጣጭ፣ ቆይቶ ሲሞቅ ደረቅ ሳር ውስጥ የተቀመጠ ማር። አፍ ላይ ቀጭን ነው፣ ኮምጠጥ ይላል ግን የኮምጣጤ አይደለም፣ የጌሾው ምሬት ከኋላ መጥቶ ጣፋጩን ይይዘዋል፣ ልክ ታኒን ለቀይ ወይን እንደሚሰራው። ከጥሬ ስጋ ጋር አልሞከርኩትም፣ ከቆሎ ጋር ግን ማቆም ይከብዳል። ለስላሳው አልተመቸኝም፣ 1.035 ላይ ነው ተጠልሎ የሚቀርበው፣ ገና እርሾው እየሰራ ነው፣ ሆድ ይነፋል፣ ለልጅ ብርዝ ለአዋቂ ደረቅ፣ መሀል ላይ ያለው ለማን እንደሆነ አይገባኝም (ባለቤቴ «ለኔ» ብላለች፣ ይመዝገብ)።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የስኳሩ ጠጅ የሚቀመጠው ፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ነው፣ ከክዳኑ ስር የፕላስቲክ ሽታ አለ፣ በቀኝ ያለው የሸክላ ጋን ላይ ግን የለም። ብርሌዎቹ በአንድ ባልዲ ውሃ ነው የሚታጠቡት፣ ከሰአት ላይ ውሃው ራሱ ጠጅ ሆኗል፣ ስለዚህ ጠዋት ሂዱ። ብርሌ ራሷ ለመቅመስ አትመችም፣ ሆዷ ሰፊ አንገቷ ጠባብ መሆኑ ሽታን ይይዛል፣ ጎበዝ ናት፣ ግን አፍንጫ የት ይግባ? እኔ የራሴን የወይን ብርጭቆ ይዤ ሄጄ «ሙሽራው መጣ» ተብያለሁ። ሽንት ቤቱን አትጠይቁኝ። ቅዳሜ ማታ አዝማሪ ይመጣል፣ ማሲንቆው ደስ ይላል ግን ለመቅመስ አይሆንም፣ ደብተር ይዛችሁ ከታያችሁ ግጥም ይወርድባችኋል፣ እኔን «ጠጁን አስተምሮ ሊያስፈትን መጣ» ብሎኛል፣ ሃምሳ ብር ሸለምኩት።

ወደ ቤት የምትወስዱ ከሆነ አንድ ነገር ስሙኝ፣ ክዳኑን አታጥብቁ! ጠጁ ጋኑን ስለለቀቀ ስራውን አላቆመም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መውጫ ይፈልጋል። እኔ ኬሚስቱ፣ ይሄን ለተማሪ የማስተምረው ሰውዬ፣ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ላይ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ሚኒባስ ውስጥ እግሬ ስር አስቀመጥኩት፣ በሙቀቱና በንቅናቄው መራዊ ሳንደርስ ክዳኑ ጥይት ሆኖ ተተኮሰ፣ ረዳቱ ጎማ ፈነዳ ብሎ መኪናውን አስቆመ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ቄስ ነጠላቸው ሁሉ ጠጅ በጠጅ ሆነ። «አይዞህ ልጄ፣ ሽታው ጥሩ ነው» አሉኝ እንጂ አልተቆጡም። ቤት ስትደርሱ ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ፣ እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ አየር ቦታ ካገኘ የኮምጣጤ ባክቴሪያ ይገባበታልና በሳምንት ውስጥ ጨርሱት።

ነጥብ፦ ደረቁ ከ10 8.5፣ ለስላሳው 5፣ የስኳሩ በዋጋው 6፣ የሴትዮዋ እውነት መናገር ከ10 10። ሁለተኛውን ሃይድሮሜትሬን እዛው ትቼላቸው ነው የመጣሁት፣ ከላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ለልጅ ልጃቸው አሳይቻት። ባለፈው ሐሙስ ማታ ስልኬ ጠራ፣ ልጅቷ ናት፣ «አያቴ አንድ ነጥብ ዜሮ አስራ ሁለት ላይ ቆሟል፣ ቅዳሜ ይምጣ፣ ግን ያንን ብርጭቆ እንዳይዝ በይው ብላለች» አለችኝ።