ሽብልቋ መኪናዬ፣ ከ11 ወር በኋላ
ሻጩን መንገድ ላይ ባገኘው የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «40 ማይል ትሄዳለች ያልከኝ በየትኛው ዳገት፣ በየትኛው ወር ነው?»

መኪናዋ ሲቲካር ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1976 የተሠራች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የአሉሚኒየም አጥንት ላይ ፕላስቲክ የለበሰች ኤሌክትሪክ መኪና ናት። ቅርጿ ቁርጥ የእንጨት መፍለጫ ሽብልቅ።

የተወለደችው ሰብሪንግ፣ ፍሎሪዳ ነው። እዚያ በረዶ የለም። እኔ ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በሰመር 25 ማይል ያህል ስትወስደኝ ቅር አላለኝም። ጥር ላይ ግን ጉድ ሠራችኝ። እንጀራ መሸጫው ደርሶ መልስ 9 ማይል ነው። ስመለስ፣ ቤቴ እየታየኝ፣ ዳገቱ ላይ ዝም አለች። እንጀራው ጎኔ፣ እግሬ ነዳጅ መስጫው ላይ። (ነዳጅ የላትም እኮ! ግን ሌላ ምን ልበለው?) ሁለት የሰፈር ጎረምሶች እየሳቁ ገፉልኝ።

ማታ ወንበሩን አነሳሁ። ሥሩ ስምንት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች አሉ፣ የጎልፍ ጋሪ ዓይነት። «አዲስ ናቸው» ተብዬ ነበር። ክዳናቸውን ስከፍት የሦስቱ ውሃ ጎድሏል፤ እርሳሱ ከላይ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ብርድ የእርሳስ ባትሪን ጉልበት እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ በዚህ ሻጩን አልወቅስም። ግን ያረጀ ባትሪ አጥቦና ወልውሎ «አዲስ» ማለት ምን ይሉታል?

ስምንቱንም ቀየርኩ። ያወጣሁት ብር የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ያክላል።

ባለቤቴ «ሽጣትና ተገላገል» ትለኛለች። አልሸጥም። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሰይቼንቶ ታክሲ ይነዳ ነበር። የካቲት 1966 ቤንዚን ሲወደድ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ እሱም ቁልፉን ኪሱ ከቶ ቤት ገባ። አሜሪካኖችን ወደዚህች ሽብልቅ የገፋቸውም ያው የነዳጅ ቀውስ ነው። አባቴ ቢያያት ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ። መሳቁ አይቀርም።

ደግሞ ድምፅዋ! ኮምፒውተር የሚባል ነገር የላትም። ፍጥነት የምትጨምረው ባትሪዎቹ እርስ በርስ የሚገናኙበትን መንገድ በመቀየር ነው። መጀመሪያ 24 ቮልት ትሰጥሃለች። ጠንከር አድርገህ ስትረግጥ ከሥር «ቋ!» ይላል፤ 48 ሆነች ማለት ነው። አንገትህ ወደ ኋላ ይወረወራል። ቢበዛ በሰዓት 38 ማይል ናት፤ ሀይዌይ አይታሰብም።

የዘመኑን ኤሌክትሪክ መኪና የሚሸጥ ልጅ «ጋሼ፣ የእኛ 300 ማይል ትሄዳለች» ይለኝ ይሆናል። ትሂዳ! ስትበላሽ ግን አንተ ዘንድ መምጣቴ ነው። የእኔን በመፍቻና በአንድ ጀሪካን የተጣራ ውሃ ጋራዤ ውስጥ እጨርሳታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ አብራኝ እንጀራ ልትገዛ ሄደች። ስንመለስ ዳገቱ ሥር «ልውረድልህ?» አለችኝ። አልወረደችም። እንጀራውን ግን ቤት እስክንገባ ጭኗ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛው ነበር።