የአዲስ አበባ ዋስትና ወይስ የኮምቦልቻ በያጅ?

የባጃጅ ካርቡሬተርና ትንንሽ ብሎን በአየር ግፊት ደቃቅ ፍሬ እየረጨ የሚያጸዳ ሳጥን ሁለት ጊዜ ገባሁበት። አንዱን ከአዲስ አበባ ከነዋስትናው ገዛሁት፣ ሌላውን እዚሁ ኮምቦልቻ በያጅ ዘንድ አሠራሁ።

የተገዛው ያምራል። መብራት አለው፣ በሩም ግጥም ብሎ ይዘጋል። ዋስትናው ግን ጉድ ነው! ፍሬውን የሚረጨው ሽጉጥ አፍንጫ በሁለት ወር ሰፋ፣ ግፊቱ ሞተ፣ ስደውል «እሱ አላቂ ዕቃ ነው» አሉኝ። ጓንቱም አላቂ፣ መስታወቱም አላቂ። ታዲያ ምኑ ነው የተሸፈነው? ሽጉጡ ራሱ ሲሰነጠቅ ደግሞ «ይዘህ ና» ተባልኩ፤ ለአንድ ሽጉጥ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ያውም አበልና ማደሪያ በራሴ።

የበያጁ ወረቀት የለውም። በሩ አቧራ ሲያስወጣ ጠራሁት፣ «አብሽር» ብሎ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ የጎማ ላስቲክ ለጥፎበት ሄደ።

በሁለቱም ግን የወንዝ አሸዋ እንዳትጨምሩ፤ በውስጡ ያለው ሲሊካ የሚባል ማዕድን ደቆ ሳንባ ይጎዳል፣ ለስላሳውን አሉሚኒየምም ይቦጫጭራል። ደቃቅ የመስታወት እንክብል ይሻላል፣ ማስክ ሳይረሳ።

እኔ አሁን ሳጥኑን ከበያጁ፣ ሽጉጡንና ትርፍ አፍንጫዎቹን ከአዲስ አበባ ነው የማመጣው።